መስቀል የተነፈገው የጨው ነጋዴ

ጨው ነጋዴው ከፋለ ጨው ላይ ወድቆ ስለሞተ ሬሳው እስከ ዛሬ አልፈረሰም ብለው የሚምሉ የመቀሌ ሰዎች አሉ። ውሸት ነው። ዓርብ ሞቶ ቅዳሜ ተቀብሯል፤ አፈሩም ከሌላው ሰው ለይቶ አላየውም። ነገሩ ያለ ውሸት ሲነገርም ለማመን የሚከብድ ስለሆነ ግን፣ ሰዉ ጥቂት ቅመም ቢጨምርበት አይፈረድበትም።

ጣሊያን ከወጣ፣ የትግራይም አመጽ ከበረደ ወዲህ ነው። መቶ አለቃ ደመላሽ ከሸዋ ተዛውሮ የመቀሌ ፖሊስ መርማሪ ሆኖ ነበር። በዚያ ዓርብ የጨው ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን አይደለም፤ ነጭነቱን ነው። ከአፋር በረሃ በግመል የመጣው አሞሌ እስከ ጣራው ተደርድሯል። በበሩ የገባው ፀሐይ ከአሞሌ አሞሌ እየተንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። ከፋለ በዚያ ብርሃን መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። ከማጅራቱ የወረደው ደም ጨው ውስጥ ሰርጎ ዳር ዳሩን አቅልቶታል። የአሞሌ ጠርዝ የሚስተካከልባት ትንሿ መጥረቢያ ከተሰቀለችበት ችንካር ላይ የለችም።

«ጌታዬ፣ ይኼስ ምርመራም አያሻው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ገዳዩ ተይዟል።»

«ማን ነው?»

«ሀሰን፣ የወሎው ተሸካሚ። ቀሺ አረጋይ ሲሮጥ በዓይናቸው አይተውታል።»

ደመላሽ ወደ ውጭ አየ። ከጨው ቤቱ ፊት ለፊት የደብሩ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ሥር አንድ ለመቀመጫ የተመቸ ድንጋይ አለ። የደብሩ ቄስ ቀሺ አረጋይ በጾም ቀን ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ቀሺ አረጋይ «ፀሐይ ነገ በምዕራብ ትወጣለች» ቢሉ ሰዉ ማልዶ የቤቱን በር የሚያዞርላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ቃላቸው በመቀሌ ከማኅተም ይበልጥ ነበር።

የሀሰን የእንጨት ጫማ ደም እንደነካው ወደ ዓዲ ሓቂ በሚወስደው ሸለቆ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። መጥረቢያዋ ግን የለችም። ፖሊሶቹ ሸለቆውን ድንጋይ በድንጋይ ገለበጡ፤ የሀሰንን ጎጆ ሣር በሣር በተኑ፤ የለችም።

የፖሊስ አዛዡ ሻለቃ ወሬውን ሲሰማ ጢሙን ጎተተ። «ስማ ደመላሽ። እስላሙ እያጉረመረመ ነው፤ ክርስቲያኑም እየዛተ ነው። የዚህ ከተማ ቁስል ገና ቅርፊት አላበጀም። ሰኞ አውጫጭኝ ይቀመጥ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰብሰብ፤ ቀሺ በሕዝብ ፊት ይማሉ፤ ሀሰንን ለዳኛ አስረክበን እንገላገል።»

«ከዳኛስ በኋላ?»

«ከዳኛ በኋላማ ገመድ ነው። ምን ትጠይቀኛለህ?»

*

ሀሰን እጁ በሰንሰለት ታስሮ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው አሞሌ ተሸክሞ የኖረ ትከሻ ነው፤ ተቀምጦም ጎበጥ ያለ ነው።

«ከከፋለ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለው ደመላሽ።

«ተጣልተናል ጌታው፤ አልዋሽም። ዝናብ ሲመጣ አሞሌ ውጭ ረስቼበት ረገመኝ። ከፋለ እኮ ጨው ሲረጥብ የሚያለቅስ ሰው ነው። ግን በማግስቱ ራሱ መጥቶ ብላ ብሎ ቆሎ ሰጠኝ። ወላሂ፣ በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ዓርብ ሲገደል የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ጁምዓ ነው እኮ።»

«ማን አየህ?»

ሀሰን እየከበደው ተናገረ። «ዘግይቼ ደረስሁ፤ ከመጨረሻው ረድፍ በስተኋላ ቆምሁ። በሶላት ላይ ወደ ኋላ የሚዞር የለም ጌታው። ሲያልቅ ጫማዬን በር ላይ አጣሁት። እሱን ስፈልግ ሰዉ ሁሉ ሄደ።»

እህቱ ዘሃራ ምግብ በአገልግል ይዛ ደጅ ቆማለች። ደመላሽ ሲወጣ መንገዱን ዘጋችበት።

«ጌቶች፣ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ባዶ እግሩን ቤት ገባ። ጫማህስ ብለው የሰረቀውን ሰው ከነዘሩ ሲሳደብ ቆየ። ሰው የገደለ ሰው ስለ ጫማው ይሳደባል?»

ደመላሽ አለፋት። ይኼ ጥያቄ ግን እንደ ጫማ ጠጠር አብሮት ሄደ።

*

የከፋለ ሚስት ወይዘሮ አሰገደች ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ልቅሶ ከደረሰው ሰው መካከል ተነሥታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

«ወይለይ! ምን ልንገርህ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ? ጠላት የለው። አንድ ነገር ብቻ አስከፍቶት ነበር።»

«ምን?»

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ‹ቀሺ አረጋይ መስቀል ነፈጉኝ› አለኝ። ‹አንገቴን ደፍቼ በፊታቸው ቆምሁ፤ አልፈውኝ ሄዱ፤ ምን በድዬ ይሆን?› አለ። ያን ሰሞን እህል አልወርድለት አለ። ሐሙስ ዕለት ግን ረጋ ብሎ መጣና ‹ገባኝ› አለ።»

«ምኑ ነው የገባው?»

«አልነገረኝም። ‹ያሳዝናል፤ ግን ለደብሩ አለቃ መናገር ግድ ነው› ብቻ አለ። በማግስቱ ገደሉብኝ።»

ደመላሽ ከዚያ ቤት ሲወጣ የሰማውን አገናኘ። ከፋለ በቄሱ ላይ አንድ ነገር ደርሶበት ነበር፤ ሊያጋልጥም ነበር። ቄሱ ደግሞ ብቸኛው ምስክር ናቸው። አንድ መርማሪ ሁለቱን ክር ቢገምድ የሚያገኘው ገመድ የት እንደሚታሰር ሕፃንም ያውቃል። እሱ ግን በእናቱ ቤት ቄስ ሲገባ ወንበር እየለቀቀ ያደገ ሰው ነው፤ ሐሳቡን ራሱ ማሰቡ ኃጢአት መሰለው።

ቀሺ አረጋይን ያገኛቸው እዚያው ድንጋያቸው ላይ ነው። አጠገባቸው አማቻቸው ዲያቆን ሓድጉ ቆሟል፤ ዘንጋቸውንም ይዞላቸዋል። የቄሱ ጉልበት ከታመመ ወዲህ ሓድጉ እጃቸውን ይዞ የማያደርሳቸው ቦታ የለም ይባላል። ለቅስና የሚጠብቀው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ሲቀስስ አገልግሎታቸውንም፣ በአገልግሎቱ የሚያዘውን የደብሩን መሬትም ይረከባል። ሰፈሩ «እንዲህ ያለ አማች ይስጠን» እያለ ይመርቀዋል።

«አባ ይፍቱኝ» አለ ደመላሽ። መስቀሉ ወዲያው መጣለት፤ ተሳለመ። «ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ሀሰን ከጨው ቤቱ ወጣ፣ ወደይ፣ ልጄ። በፊቴ አለፈ፤ ወደ ሸለቆው ሮጠ።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ሽርጥ ነዋ፤ ሌላ ምን ይለብሳል?» አለ ሓድጉ ቀደም ብሎ።

«አዎ... ሁልጊዜ የሚለብሰውን» አሉ ቄሱ።

«ፊቱን አይተውታል?»

«ሀሰን ነው አልኩህ እኮ!» የቄሱ ድምፅ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ደመላሽ በእርጅና ነው ብሎ አለፈው።

«ከፋለ እሑድ ዕለት መስቀል ነፈጉኝ ብሎ ነበር አሉ።»

በሽማግሌው ፊት ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋጤም አልነበረም። ግራ መጋባት ነበር። «እኔ? ለከፋለ? መቼ?»

«አባ ሐሳብ ላይ ነበሩ፤ ልብ አላሉትም» አለ ሓድጉ በለሰለሰ ድምፅ።

«አንተስ ዲያቆን፣ ዓርብ የት ነበርክ?»

«ዕቃ ቤት። ልብሰ ተክህኖ ሳዘጋጅ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

*

የመቀሌ ትምህርት ቤት መምህር አገኘሁ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ነበር። በስደት ካርቱም ኖሯል። እዚያም የሰውን ልቡና ጠባይ ለሚመረምር አንድ የውጭ አገር ሊቅ ረዳት ሆኖ ነበርና፣ ካርቱምን ጥሎ ሲመጣ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ጠመንጃ ሳይሆን ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ተሸክሞ ነው የገባው ይላሉ።

«መቶ አለቃ፣ አንተ ምላስ ትመረምራለህ» አለው። «ምላስ ይዋሻል። ዓይንን መርምር።»

«እንዴት ተደርጎ?»

አገኘሁ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለችው። «በፊቱ በቀዳዳዋ ልክ የተበሳ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ትለጥፋለህ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ተቀምጦ ያያል፤ እኔ ከዚህ ወዲህ በቀዳዳዋ የእሱን ዓይን አያለሁ። ሊቁ ዘንድ የነበረው እንኳ ሌላ ነው፤ ብርሃን ወደ ብሌን ወርውሮ የሚመለሰውን በፊልም ላይ የሚጽፍ መኪና ነበረው። እኛ ድሆች ነን፤ ቀዳዳ ይበቃናል። ና ተቀመጥና አንብብ።»

ደመላሽ ተቀምጦ የተለጠፈውን አነበበ፤ ስለ አንድ የመሬት ክርክር የተጻፈ ነበር። ሲጨርስ አገኘሁ ከሰሌዳው ጀርባ ብቅ አለ።

«ዓይን ሲያነብ እንደ ወንዝ የሚፈስስ ይመስልሃል አይደል? አይፈስስም። እንደ አንበጣ ነው፤ ይዘልላል፣ ያርፋል፣ ይዘልላል። አንተ ‹ምስክር› የምትል ቃል ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ተመለስክ፤ ደግመህም ተመለስክ። ቃሏን አላመንካትም።»

ደመላሽ ፊቱ ጋለ። ማንም ያልነገረውን ነገር ሰሌዳው ነገረው።

በዚያው ቅዳሜ ሀሰንን አስመጡት። አገኘሁ ጨው ቤቱን፣ መንገዱን፣ ሸለቆውን፣ ካቡን፣ የሰፈሩንም ቤቶች በትልቅ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ የቱ የቱ እንደሆነ በጣቱ አሳይቶ ለጠፈው። የሀሰን ዓይን ቁርኣን እንደተማረ ሰው ከቀኝ ጀመረ፤ ወደ ጨው ቤቱ ደጅ ዘለለ፤ እዚያም ቆየ፣ ቆየ።

«ያው!» አለ ደመላሽ በሹክሹክታ።

«እዚያ ደጅ ላይ ምን አለ?» ሲል አገኘሁ ሀሰንን ጠየቀው።

«አሞሌውን ረስቼ በዝናብ ያስመታሁበት ቦታ ነዋ» አለ ሀሰን፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

እስረኛው ከሄደ በኋላ አገኘሁ ራሱን ነቀነቀ። «አየህ? ዓይን የት እንዳረፈ ይነግራል። ለምን እንዳረፈ አይነግርም። ለምኑ የአንተ ሥራ ነው።»

«እንግዲያ ምን ጠቀመኝ?»

«ለአንተ ባይጠቅም ለጥበብ ይጠቅማል!» አገኘሁ ተቆጣ። «የዚህን ከተማ አንባቢ ሁሉ አይቻለሁ። ተማሪው በየፊደሉ ይቆማል፤ ደብተራው ቃል በቃል ይዘልላል። ቀሺ አረጋይ ግን ተአምር ናቸው! ዳዊት ለጥፌላቸው ሲያነብቡ ዓይናቸው አንዴ እንደ ችንካር ከተተከለ አይነቃነቅም። ገጹን በአንድ እይታ ይውጡና ከዚያ ዝም ብለው ያንቆረቁሩታል። ለካርቱሙ ሊቅ ልጽፍለት ነው።»

ወሬው ለካ ከተማው ውስጥ ቀድሞ ወጥቷል። ቀሺ አረጋይ ገጽን የሚውጡት ዘንዶ ፍየል እንደሚውጥ ነው፣ መጽሐፉ ተዘግቶም በቆዳው በኩል ያነብቡታል ይባል ነበር። ደመላሽ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

ዓይን ሲያነብ ካልዘለለ አያነብም ማለት ነው።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀሺ አረጋይ ብቻቸውን ድንጋያቸው ላይ ነበሩ፤ ሓድጉ ጸበል ጻዲቅ ሊያመጣላቸው ሄዷል። ደመላሽ ጫማውን አውልቆ በሣሩ ላይ ቀረበ። ባርኔጣውን አነሣ። በፊታቸው አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆመ።

ቄሱ ወደ እሱ ዞረው ነበር። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። መስቀሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። መስቀሉ አልተነሣም።

ከፋለ እንዲህ ነው የቆመው፣ ሲል አሰበ ደመላሽ። እንዲህ ቆሞ ነው ልቡ የተሰበረው።

«አባ ይፍቱኝ» አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው ደነገጡ፤ መስቀሉ ግን ወዲያው ወደ ድምፁ ቀጥ ብሎ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ለዳዊት ንባብ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰዳቸው፤ በክርናቸው የመራቸው እሱ ራሱ ነው። ለአገኘሁ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። አገኘሁ «ነውር ነው!» ብሎ ሊጮህ ሲል አፉን ያዘው። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ነበር።

«አባ፣ የመጀመሪያውን መዝሙር ያንብቡልን።»

ቄሱ ወደ ወረቀቱ ቀና አሉ፤ በሚያምር ዜማ ማንበብ ጀመሩ። ደመላሽ ዓይኑን ከቀዳዳዋ አስጠጋ። ከወዲያ በኩል ሁለት ዓይኖች ነበሩ፤ የክንድ ርቀት እንኳ የለም። ወጣ ወጣ ያሉ፣ ደመና የለበሱ፣ ጸጥ ያሉ ዓይኖች። እሱ እያያቸው ነው፤ እነሱ ግን አያዩትም። መዝሙሩ አንዲት ቃል ሳትጎድል አለቀ።

በሕይወቱ ብዙ ሌባ አታልሎ ይዟል፤ እንደዚያን ቀን ያፈረበት ጊዜ ግን የለም።

አገኘሁ በራሱ ላይ ተናዶ ወጣ። ደመላሽ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው።»

የቄሱ ጣቶች የመስቀሉን ጫፍ ደባበሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጣሊያን ሊወጣ ሲል ጀመረኝ። መጀመሪያ ጠርዙ ጠፋ፤ ከዚያ መሐሉ ቀረ፤ ከዚያ መሐሉም ሄደ። ዓይን የሌለው ቄስ መቅደስ አይገባም፣ ወደይ። ቅዳሴውን በልቤ አውቀዋለሁ። ከመሠዊያው ብለይ ምን እሆናለሁ? ሰው ሁሉ ነገን ያያል፤ እኔ የቀረኝ መሠዊያው ብቻ ነው።»

«ሀሰንን ግን አላዩትም።»

«ሰማሁት! ያ የእንጨት ጫማው፣ አንደኛው ስንጥቅ ነው፤ ቋ ሲል አንዱ፣ ቅ ይላል ሌላው። በቀን ስንት ጊዜ በፊቴ ያልፋል። ከጨው ቤቱ ሲወጣ ሰማሁ። ‹ሰማሁ› ብል ‹ለምን አላዩም?› ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ‹አየሁ› አልኩ። እውነቱ ያው አንድ ነው ብዬ...»

«አባ፣ እውነቱ አንድ አይደለም። ሀሰን ጫማው ከመስጊዱ በር ተሰርቆበታል።»

ሽማግሌው ዓይናቸው ወደማያየው አቅጣጫ ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ላስረዳዎ» አለ ደመላሽ ቀስ ብሎ። «እስላሙ መስጊድ ነው፤ ክርስቲያኑ ቤቱ ቅዳሴ ይጠብቃል፤ መንገዱ ባዶ ነው። ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም ቃልዎ የማይታጠፍ ሰው። በፀሐይ፣ በምስክር ፊት ለፊት የሰው ጫማ ተጫምቶ የሚሮጥ ገዳይ እብድ መሆን አለበት። ወይም ምስክሩ በጆሮ እንደሚያይ ያውቃል። ከፋለም የደረሰበት ነገር ይኸው ነበር። መስቀል የነፈጉት ስላላዩት መሆኑ ገባው። አባ፣ ይህን ምስጢር የሚያውቅ ማን ነው?»

ቄሱ ዘንጋቸውን ፈለጉ፤ አገኙት፤ ጫፉን ጨብጠው ቆዩ። ያ ጫፍ ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚይዘው ጫፍ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ ደመላሽ አየ፤ ቢሆንም ስም አልጠራም። እሳቸውም አልጠሩም።

«ነገ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ነገ በሕዝብ ፊት ጠይቀኝ።»

*

ሰኞ ጠዋት ከካቡ ፊት ያለው ሜዳ በሰው ተሞላ። ሀሰን በሰንሰለቱ መሐል ላይ ቆሟል። ዘሃራ ከሴቶቹ ፊት ናት፤ ከወንድሟ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ሻለቃው በወንበር፣ ሽማግሎቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ቀሺ አረጋይ ተነሡ። ሓድጉ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ እጁን በቀስታ ገፉት። ሰዉ አጉረመረመ፤ አማቹን ገፍተው አያውቁም።

«ሕዝበ እግዚአብሔር፣ ስሙኝ» አሉ። «ሀሰንን አየሁ ብያለሁ። አላየሁም። ዛሬ እዚህ ስንት ሰው እንዳለም አላይም። ዕውር ነኝ። ቅዳሴውን በቃሌ ነው የምቀድሰው፤ ዳዊቱንም በቃሌ ነው የምደግመው። ሰማሁ ማለት ስለፈራሁ አየሁ ብዬ ሰው ላሰቅል ነበር።»

አንዲት ባልቴት «ወይለይ ኣቦይ!» ብላ አለቀሰች፤ ሰዉ ሁሉ ተንጫጫ።

«ሥነ ሥርዓት!» አለ ሻለቃው። «እሺ ደመላሽ፣ ምስክራችንን አፈረስክ። ገዳዩ የታለ?»

«ይወጣል ጌታዬ። አውጫጭኝ አይደል?»

ደመላሽ የአገኘሁን ሰሌዳ ከዛፍ ሥር አስቆመ፤ የሰፈሩን ሥዕል ለጠፈበት። አገኘሁ ለእያንዳንዱ ሰው የቱ ጨው ቤት፣ የቱ ሸለቆ፣ የቱ ካብ እንደሆነ እያሳየ በተራ ያስቀምጣል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ደመላሽ በቀዳዳዋ ያያል። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው፤ ተመልከት።

«ይኼ ምን ዓይነት ሌባ ሻይ ነው?» አለ ሻለቃው። ሌባ ሻይ እንኳ መድኃኒት ጠጥቶ ወንጀለኛ የሚያወጣ ነበር፤ ይኼ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ሽማግሎቹ ቀረቡ፤ ከዚያ ነጋዴዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ግመል ነጂዎቹ። ደመላሽ በዚያ ቀን ስለ ሰው ልጅ አንድ ነገር ተማረ። ሁሉም ዓይን መጀመሪያ ወደ ጨው ቤቱ ይዘልላል፤ ሞት ስቦት። ከዚያ ያለ አንድም ልዩነት የገዛ ቤቱን ይፈልጋል። አንዱማ ቤቴ ጠቧል ብሎ ከአገኘሁ ጋር ተጣላ። ሌላዋ ፍየሌ አልተሣለችም አለች። ሰዉ ሳቀ፤ ቀሺ አረጋይ ግን አልሳቁም።

ተራው የሓድጉ ሆነ።

ተቀመጠ። ነጠላውን አስተካከለ። ዓይኑ ጨው ቤቱ ላይ አላረፈም፤ እንደ ፍም ዘለለው። ቤቱንም አልፈለገም። ወደ ካቡ ሄደ፤ ከድንጋዩ መቀመጫ በላይ ወዳለችው ቦታ። ወዲያው ሸሸ፤ ሰማይ አየ፤ የወረቀቱን ጫፍ አየ። እንደገና ወደ ካቡ። እንደገና ሸሸ። ውኃ የጠማው እንስሳ አዳኝ ከተኛበት ምንጭ ሲመላለስ እንደዚያ ነው።

ደመላሽ ከሰሌዳው ጀርባ ወጣ። ምንም ሳይናገር ወደ ካቡ ሄደ። ማንም ሊፈትሽ ያላሰበው ቦታ ነበር፤ ቄስ የተደገፈውን ድንጋይ ማን ይነቀንቃል? ከመቀመጫው በላይ አንድ ድንጋይ ላላ ብሏል። ሳበው። እጁን አስገባ። መጥረቢያዋን አወጣት፤ ጨውና የደረቀ ደም ለብሳለች።

የዘሃራ እልልታ ሜዳውን ሰነጠቀው። ሓድጉ አልሮጠም።

«ከካቡ በግቢው በኩል ነው የከተትካት» አለው ደመላሽ። «ጫማውን ሸለቆ ውስጥ ጥለህ፣ በባዶ እግርህ በደብሩ ግቢ ዞረህ።»

«ከኋላዬ ድንጋይ ሲነቃነቅ ሰምቼ ነበር» አሉ ቀሺ አረጋይ ዝግ ባለ ድምፅ። «እንሽላሊት መስሎኝ ነበር።»

«አባ...» የሓድጉ ድምፅ ተሰበረ። «ከፋለን ለምኜዋለሁ። ቅስና እስክቀበል ድረስ ዝም በልልን ብዬ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ‹እግዚአብሔርን አላታልልም› አለኝ። ለአለቃው ቢናገር እርስዎ ይወርዳሉ፤ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም፣ ልጅዎም ጎዳና ላይ ነን። እርስዎ ‹አየሁ› ካሉ ደግሞ ከእንግዲህ ዓይንዎን የሚጠራጠር አይኖርም ብዬ... ለእርስዎ ብዬ ነው አባ!»

ቄሱ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «ለእኔ ብለህ ብትመራኝ ይበቃኝ ነበር» አሉ።

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

የሀሰንን ሰንሰለት ሲፈቱለት የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ጫማው ነበር። አመጡለት፤ በአመድ ፈትጎ አጠበውና ተጫማው። በሜዳው ላይ ቋ፣ ቅ፣ ቋ፣ ቅ እያለ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«ሀሰን» አሉ ቀሺ አረጋይ፤ ሊነሡም ሞከሩ። «ይቅር በለኝ።»

ሀሰን ቀረብ አለ። «አባ፣ ለዘመናት በፊትዎ አልፌያለሁ» አለ። «ጫማዬን ነው የሚያውቁት። እኔን አያውቁኝም ነበር። አሁን እንተዋወቅ፤ እኔ ሀሰን ነኝ።» እጃቸውንም በእጁ ያዘ። ኋላ ወደ እህቱ ሄደ።

ሜዳው ባዶ ሲሆን ደመላሽ ከቄሱ ጋር ብቻውን ቀረ። ቀሺ አረጋይ ከእንግዲህ መቅደስ እንደማይገቡ የደብሩ አለቃ ነግሯቸዋል። ልጃቸው ልትወስዳቸው ከወዲያ እየመጣች ነው፤ እሷም እያለቀሰች ነው። ደመላሽ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምንም ሳይናገር፣ አንገቱን ደፍቶ በፊታቸው ቆመ።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። የሚሰማ ነገር የለም። ነፋስ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቁ፣ መስቀሉን አነሡና ወደ ባዶው አየር ዘረጉት፤ ደመላሽ ከቆመበት ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ማንም ወደሌለበት።

ደመላሽ ወደ ጎን ተራመደ። ከመስቀሉ ሥር ገብቶ ግንባሩን አስነካ።

«ማን ነህ?» አሉ።

«ያላዩት ሰው ነኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ ቄሱ፤ መስቀሉንም አላወረዱትም። ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ብለው ይመስላል።